ቃሬዛ የሚሄድበትን መንገድ ሮጥኩት

አንድ ልጅ በሰው በሰው ስልኬን አግኝቶ ደወለልኝ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ድረስ ሮጦ ብሶቱን ሊያሰማ አስቧል። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጫማ ገዝቷል፣ ቲሸርት አሳትሟል፣ ቀን ቆርጧል። «ስትደርስ ማን ነው የሚቀበልህ?» አልኩት። ዝም አለ። «የምትለውስ በስንት ቃል ያልቃል?» አልኩት። እሱንም አላሰበበትም። ከዚያ ብዙ አወራን። ብቻውን ሮጦ መቃወም የሚያምረው ሰው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ ያወራነውን እዚህ ላስቀምጠው።

ያደግኩት ሰሜን ሸዋ፣ ጫጫ አካባቢ ነው። በእኛ አገር ሴት ልጅ ስትሮጥ ማየት ብርቅ አይደለም። ጌጤ ዋሚ የዚያው አካባቢ ልጅ ናት። በ1988 አትላንታ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ፣ በ1991 ደግሞ ሴቪያ ላይ በዚያው ርቀት የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አምጥታለች። ከዚያ ወዲህ የአካባቢው አባት ሁሉ ልጁ ስትሮጥ ባየ ቁጥር ትንሽ ተስፋ ያደርጋል። የእኔም አባት አድርጎ ነበር። በታዳጊ ፕሮጀክት ታቅፌ ጥቂት ዓመት ሮጥኩ። ክለብ የሚያስገባ ሰዓት ግን አልመጣልኝም። ስለዚህ ሠልጥኜ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆንኩ።

ሰሜን ሸዋን በአስፋልት ብቻ የሚያውቃት ሰው ሜዳ ትመስለዋለች። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ገብስ፣ ስንዴ፣ በግና ብርድ ነው። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ናት። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ግን መሬቱ ድንገት ያልቃል። ከጣርማበር እስከ አንኮበር፣ አፋፉ ላይ የቆመ ሰው ቆላውን ቁልቁል ያየዋል። እኔ የተመደብኩት ከገደሉ ሥር ካለ ቀበሌ ነው። ወረዳውንም ቀበሌውንም አልጠራም። እዚያ የቀሩ ባልደረቦች አሉኝ።

እዚያ አንዲት ወላድ ምጥ ሲጠናባት ወይም ደሟ አልቆም ሲላት የእድሩ ቃሬዛ ይወጣል። ሁለት አጣና፣ መሃሉ በጠፍር የተወጠረ። ወንዶቹ አራት አራት እየሆኑ በፈረቃ ይሸከማሉ። ሴቶቹ አደግድገው «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይከተላሉ። እኔ ቦርሳዬን ይዤ ከጎን እሄዳለሁ። አቀበቱን ጨርሶ አስፋልት እስኪደረስ 6 ሰዓት ይፈጃል። ይህ በበጋ ነው። ክረምት ላይ ወንዙ ከሞላ እስኪጎድል ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። አስፋልት ላይ ከተወጣ በኋላ ደግሞ መኪና ይፈለጋል።

ሥልጠና ላይ ሦስቱ መዘግየቶች የሚባል ትምህርት አለ። እናቶች የሚሞቱት ወይ ሕክምና ለመሄድ መወሰኑ ሲዘገይ፣ ወይ መንገዱ ሲያዘገይ፣ ወይ ከደረሱ በኋላ ሕክምናው ሲዘገይ ነው። የመጀመሪያው የእኔ ሥራ ነበር። ቤት ለቤት ዞሬ ባልንም አማትንም አሳምኛለሁ፤ በዚህ አልታማም። ሦስተኛው የሐኪሞቹ ነው። መሃል ላይ ያለው መንገድ ግን ባለቤት አልነበረውም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ የደም መፍሰስ ካልታከመ በ2 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ይህን እያወቁ ከ6 ሰዓት ቃሬዛ ጎን መሄድ ምን ማለት እንደሆነ እንግዲህ እናንተው አስቡት።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ዩራፕ የሚባለው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ሊያገናኝ ሲሠራ ቆይቷል። ብዙ ቦታ ሠርቷል፤ ያልሠራ ነው አልልም። የእኛም ቀበሌ ተቀይሶ ነበር። ችካል ተተከለ። ችካሉን ከብት ነቀለው። ከዚያ በኋላ የቀረው ደብዳቤ ነው። ሽማግሌዎቹ ይጽፋሉ፣ እኔ አነባለሁ፣ ማኅተም ይደረጋል፣ ይሄዳል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በዕቅድ ተይዟል።

በ2010 ክረምት አንዲት እናት አስፋልቱ ትንሽ ሲቀር አረፈች። ስሟን አልጽፍም፤ ልጆቿ እያደጉ ነው። ወንዶቹ ቃሬዛውን አስቀመጡ። ከዚያ መልሰው ተሸከሙና ወደ መጣንበት ወረድን።

ለምን ሩጫ? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሌላ የምችለው ነገር ስላልነበረኝ ነው። መናገር አይሆንልኝም። ሰው መሰብሰብም አልፈለግኩም፤ ሰው ከሰበሰብኩ የእያንዳንዱ ቤት ጣጣ በእኔ ላይ ነው። ዳገት መውጣት ግን እችላለሁ።

ደግሞም ከፊቴ ያየሁት ነበር። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ፈይሳ ሌሊሳ ሪዮ ላይ በማራቶን ከኤሊዩድ ኪፕቾጌ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣመረ። በዚያ ጊዜ ኦሮሚያ ውስጥ ተቃውሞ የሚያሰሙ ሰዎች እጃቸውን እንደዚያ ያጣምሩ ነበር። አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ በፓራሊምፒኩ በ1,500 ሜትር ብር ያገኘው ታምሩ ደምሴም ያንኑ አሳየ። የኦሎምፒክ ቻርተር በአንቀጽ 50 በውድድር ሥፍራ የፖለቲካ ተቃውሞ ማሳየትን ይከለክላል። ፈይሳ ወደ አገሩ የተመለሰው ሁለት ዓመት ቆይቶ በጥቅምት 2011 ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ድፍረቱን ነው። እኔ ዘግይቶ የገባኝ ሌላ ነገር ነው። ሰውየው 42 ኪሎ ሜትሩን እንደ ማንኛውም ሯጭ ነው የሮጠው። ሩጫው የዓለምን ዓይን ሰበሰበለት፤ የሚለውን ያለው ግን መጨረሻ ላይ፣ በአንዲት ምልክት፣ በጥቂት ሴኮንድ ነው። ያቺን ምልክት የፈጠራትም እሱ አይደለም፤ ሕዝቡ ቀድሞ ያውቃታል።

የእኛ አገር ሰው ደግሞ አበበ ቢቂላን ያነሳል። ጃቶ የተወለደ የሸዋ ልጅ ነው። ጳጉሜ 1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ አፈትልኮ የወጣው የአክሱም ሐውልት የቆመበት ቦታ ሲደርስ ነበር። ሐውልቱን ጣሊያን በወረራው ዘመን ወስዶ እዚያ አቁሞት ነበር፤ የተመለሰው በ1997 ነው። ያንን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። ቦታው ራሱ ተናገረ።

እኔ ግን መጀመሪያ ስወጣ ይህ ሁሉ አልታየኝም። ኅዳር 2011 ነው። ጊዜው ገርበብ ብሎ የተከፈተበት፣ ሰው ትንሽ ደፈር ያለበት ወቅት ነበር። ቲሸርት አሳተምኩ። ፊቱ ላይ ስድስት መስመር፣ ጀርባው ላይ አራት መስመር። ስለ መንገድ፣ ስለ እናቶች፣ ስለ ፍትሕ፣ ስለ በጀት፣ ያልተጻፈ የለም። ከቀበሌው ተነስቼ አቀበቱን ወጣሁ። አስፋልቱን ይዤ ደብረ ብርሃን፣ ጉዳዩን ይመለከተዋል ወደተባለው ቢሮ ሮጥኩ።

ቅዳሜ ነበር። ሥራ የማልገባበት ቀን ብዬ የመረጥኩት ነው። እነሱም አይገቡም! ዘበኛው አዘነልኝና ውሃ ሰጠኝ።

መንገድ ላይ የተቀበለኝ ሰው ሁሉ «በርቺ! አይዞሽ!» ይለኛል። ለውድድር የምዘጋጅ መስሎታል። የሲኖትራክ ሹፌሮች ጥሩምባ ይነፉልኛል። ጽሑፉን ቆሞ ያነበበ አንድም ሰው አላየሁም። እየሮጠ ያለ ሰው ደረት ላይ ስድስት መስመር ማን ያነባል? ሲመሽ ወሬው ተለወጠ። አንዱ የዚህ ፓርቲ ናት ይላል፣ ሌላው የዚያኛው። ስዕለት ኖሮባት ነው ያሉም ነበሩ፤ እሱስ ይሻላል። በማግስቱ ጣቢያ ተጠራሁ። «ከጀርባሽ ማን አለ?» ነው ጥያቄው። ከጀርባዬ ነፋስ እንኳ አልነበረም፤ የዚያን ቀን ነፋሱ ከፊት ነበር። ይህን ብናገር ጥሩ ቀልድ ነበር። አልተናገርኩም። ቃሌን ሰጠሁ፣ ሲመሽ ለቀቁኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙ። መልእክታችሁን በአንድ ትንፋሽ መናገር ካልቻላችሁ ሌላ ሰው በራሱ መንገድ ይሞላዋል። የሚሞላው ደግሞ በሚፈራው ወይም በሚመኘው ነገር ነው። እናንተ ስለ መንገድ ትሮጣላችሁ፤ እሱ ስለ ሥልጣን ያነባል።

ነገሩን ያቃኑልኝ አስፋልቱ ዳር ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው። ቃሬዛ ሲወጣ ውሃ የሚሰጡን እሳቸው ናቸው፤ ሁሉን ያውቃሉ። በሳምንቱ ሳልፍ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ያን ሁሉ ጽሑፍ እኔ አልቻልኩትም። ለመሆኑ ከታች እስከዚህ ስንት ሰዓት ፈጀብሽ?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ እማማ።»

«አንቺ? ባዶ እጅሽን?»

«አዎ።»

«ታዲያ ይኼን አትነግሪያቸውም? ቃሬዛው እኮ ንጋት ተነስቶ ለምሳ ነው እዚህ የሚደርሰው።»

ሌላው ሁሉ ከዚህ ንግግር በኋላ የመጣ ነው። አዲሱ ቲሸርት ፊቱ ላይ «እኔ ባዶ እጄን 2 ሰዓት ተኩል» ይላል። ጀርባው ላይ «ወላድ በቃሬዛ 6 ሰዓት»። ፍትሕ የለም፣ በጀት የለም፣ ማንም አልተሰደበም። ከፊቴ የሚመጣ ሰው የመጀመሪያውን ያነባል፣ ካለፍኩት በኋላ ዞሮ ሁለተኛውን ያነባል። ዞሮ የሚያይ ሰው ደግሞ ይጠይቃል። ፖሊሱም ሲያነበው ምን ብሎ ይከሰኝ? ሰዓት ነው።

ቀኑንም ቀየርኩ። በየወሩ በ21 እንዲሆን አደረግኩ፤ ቅዳሜና እሑድ ላይ ከዋለ ወደ ሰኞ አዛውረዋለሁ። እዚያ አገር አንዲት ሴት ምጥ ስትያዝ የሚጠራው ማርያም ነው። ስትገላገልም «ማርያም ትማርሽ» ነው የምትባለው። 21 ቀን ቃሬዛና ወላድ የሚል ቲሸርት ለብሳ የምትሮጥ ሴት ያየ ሰው ነገሩ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። የንስሐ አባቴን ግን አስቀድሜ አማክሬያለሁ። ቅር አላቸው መጀመሪያ። «በበዓል ቀን?» አሉ። ኋላ ግን «ለወላድ ከሆነ ሂጂ፤ ስታልፊ ግን ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመሽ እለፊ» አሉኝ። ስለዚህ ነጠላ በወገቤ እጠመጥማለሁ፤ ደጃፉ ስደርስ አውልቄ ለብሼ እሳለማለሁ። የእናንተ አገር ሌላ ቀን፣ ሌላ ሃይማኖት፣ ሌላ ምልክት ሊኖረው ይችላል። ዋናው ሰው ቀድሞ የሚያውቀውን መያዝ ነው።

የወረቀቱን ሥራ አትናቁ። እኔ ሁለተኛውን ከመሮጤ በፊት ብዙ ቀን የፈጀብኝ ልምምዱ ሳይሆን እሱ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግ ነፃነትና አቤቱታ የማቅረብ መብት ብሎ ሁለቱን አብሮ አስቀምጧል። ሰልፍን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ደግሞ አዘጋጁ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። አንድ ሰው ብቻውን ሲሮጥ ሰልፍ ይባላል? አንድ የሕግ ሰው ጠይቄ ነበር። «ባይባልም አሳውቂ፤ ወረቀት ያለው ሰው ይሻላል» አለኝ። ምክሩ ጠቀመኝ። ደብዳቤዬ ስሜን፣ የምነሳበትን ሰዓት፣ መንገዱን፣ ቲሸርቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ቃል በቃል ይዟል። «አቤቱታዬን ሮጬ አቀርባለሁ» ነው የሚለው። መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን አስጽፉ፣ ቅጂውን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ኪሳችሁ ያዙ። ሁለተኛ ጊዜ ያስቆመኝ ፖሊስ ወረቀቱን አንብቦ መለሰልኝና «በርቺ» አለኝ። ያንን «በርቺ» ከሹፌሮቹ የበለጠ ወደድኩት።

ብትያዙስ? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው፣ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ይህንን የሚያውቅ አንድ ሰው ከቤተሰብ ይኑራችሁ። የምትነሱበትን ሰዓት፣ ልትደርሱ የምትችሉበትን ሰዓትና በዚያ ካልደረሳችሁ ለማን እንደሚደወል ጽፋችሁለት ውጡ። የእኔ ሰው ታላቅ ወንድሜ ነበር። ሐሳቡን አልወደደውም፣ ስልኩን ግን አንስቶ ጠበቀኝ። ሐሳባችሁን ባይወድም ስልክ የሚያነሳ ዘመድ ከሚያጨበጭብ መቶ ሰው ይበልጣል።

አሁን ወደ እግር ልምጣ። በተቃውሞ ስሜት የሚወጣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያደርጋል፤ ገና ሲነሳ ይፈጥናል። ንዴት ጥሩ ስንቅ ይመስላል፣ አቀበቱ ግማሽ ላይ ያልቃል። ከቆላ ተነስቶ ደጋ የሚወጣ ሯጭ ደግሞ ሁለት አየር ነው የሚሮጠው። ታች ላብ ይጨርሰዋል፣ ላይ ብርዱና የአየሩ መሳሳት ይይዘዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደጋው በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። ስስ ሹራብ ወገባችሁ ላይ እሰሩ። ዳገት ላይ መራመድ ነውር አይደለም። እኔ ዳገቱ ሲከፋ እራመዳለሁ። ሰዓቱ ሐቀኛ መሆን አለበት እንጂ ክብረ ወሰን አይደለም።

ውሃ ብቻ እየጠጡ ረጅም መሮጥ አደገኛ ነው፤ ጨውም ይወጣል። እኔ እናቶችን የማስተምረውን ነው የያዝኩት፦ 1 ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ለተቅማጥ የምንሰጠው ነው ብላችሁ አትሳቁ፤ ሠርቶልኛል። ከዚያ ሌላ በሶ። በአዲስ ጫማ በጭራሽ አትነሱ። ብብትና ጭን ላይ ቫዝሊን ተቀቡ። አስፋልት ላይ በግራ ዳር፣ መኪና ፊት ለፊት እያያችሁ ሩጡ። ውሻ ሲመጣ አትፍጠኑ፤ ቁሙ፣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በሉ። የገጠር ውሻ ይህንን ያውቃል። ሴቶች፣ ጨለማ ሳይገፈፍ አትውጡ። ጽናት ነው ብሎ የሚገፋፋችሁ ካለ እሱ ራሱ ይውጣ።

በየወሩ ስሮጥ ሰዉ ለመደኝ። ሻይ የሚሸጡት እማማ የደረስኩበትን ሰዓት ግድግዳቸው ላይ በከሰል ይጽፉ ጀመር። ከጎኑ ደግሞ ቃሬዛ ሲወጣ የእሱን ሰዓት ይጽፋሉ። መጻፍ የሚያውቅ የልጅ ልጃቸው ነበር የሚጽፍላቸው። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሆነው ያየ መንገደኛ ሁሉ ይጠይቃቸዋል፣ እሳቸውም ሳይሰለቹ ይመልሳሉ። ከእኔ ሩጫ ይልቅ ያ ግድግዳ ሳይሠራ አልቀረም ብዬ አስባለሁ።

ቢሮው በር ላይ ስደርስ መፈክር አላሰማም። እገባለሁ፣ ሁለቱን ሰዓቶች የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት መዝገብ ቤት አስገባለሁ፣ ቁጥር እቀበላለሁ፣ እወጣለሁ። ወረቀቱ ላይ የእኔ ሰዓት አለ፣ በዚያ ወር ቃሬዛ ከወጣ የእሱ ሰዓት አለ፣ የማንም እናት ስም የለም። የታካሚን ስም አደባባይ ማውጣት እኔንም ያስጠይቀኛል፣ እነሱንም ያሳፍራል። መጀመሪያ አካባቢ ወረቀቱን የምትቀበለው ልጅ ቀና ብላ አታየኝም ነበር። በኋላ ወንበር ታቀርብልኝ ጀመር። አንድ ቀን «የእኔም እናት በቃሬዛ ነው የወለደችኝ» አለችኝና ቁጥሩን ጻፈችልኝ።

ሰው ሲያውቃችሁ የሚመጣውን ፈተና ማንም አይነግራችሁም። በመጀመሪያ ወጣቶቹ መጡ። «አብረንሽ እንሩጥ» አሉ። ልቤ ፈለገ። ግን ሃያ ሰው ከሮጠ ሰልፍ ነው፤ ከሃያው አንዱ ድንጋይ ቢወረውር ወሬው ስለ ድንጋዩ ይሆናል። «ቃሬዛ ሲወጣ ፈረቃ ግቡልን» አልኳቸው። ጥቂቶቹ ቅር ብሏቸው ሄዱ፣ ጥቂቶቹ ገቡ። ቀጥሎ ጫማ ሊገዛልኝ የፈለገ ሰው መጣ። ጫማው ላይ ምንም አልነበረም፤ አብሮ የሚሰጠኝ ኮፍያ ላይ ግን የፓርቲ ዓርማ ነበረበት። ጫማ ያስፈልገኝ ነበር። አልተቀበልኩም። ሦስተኛው ገንዘብ እናሰባስብልሽ የሚለው ነው። በስማችሁ አንድ ብር ከተሰበሰበ በኋላ የሚነሳው ጥያቄ ስለ መንገዱ አይሆንም፣ ስለ ብሩ ነው።

መሥሪያ ቤት ውስጥ የከፈልኩት ነበር። የምሮጥበትን ቀን ከዓመት ፈቃዴ ላይ እየቀነስኩ ነበር የምወጣው፤ ያም ሆኖ ግምገማ ላይ ተነሳሁ። «የመንግሥት ሠራተኛ ሆነሽ» ተባልኩ። ስለ ዝውውር የሚያስፈራራ ቃልም ሰማሁ። የሥራ መዝገቤን አወጣሁ። የቤት ለቤት ጉብኝት፣ የክትባት፣ የእርግዝና ክትትል፣ ሁሉም ሙሉ ነው። ሌላ መከራከሪያ አልነበረኝም። ተቀጣሪ ሆናችሁ የምትቃወሙ ሰዎች፣ ሥራችሁ ላይ እንከን አታስገኙ። እንከን ካለ ጉዳዩን ትተው እሱን ነው የሚይዙት።

ሰውነቴም ከፈለ። ቅልጥሜ ላይ በጣት ሲጫኑት የሚጮህ ሕመም ያዘኝ። ሯጭ የነበረ ሰው ምን እንደሆነ ያውቃል፤ አጥንቱ ሊሰነጠቅ ነው። ሁለት ወር መቆም ነበረብኝ። እልህ ያዘኝ፣ ባቆም የተሸነፍኩ መሰለኝ። የደብረ ብርሃኑ ሐኪም «ብትሰበሪ በቃሬዛ ነው የምትወጪው» አለኝ። ሳቅኩ፣ አቆምኩ። በእነዚያ ወራት አቀበቱን በእግሬ እየተራመድኩ ወጣሁና የእግረኛ ሰዓት ብዬ አስገባሁ። ወረቀቱ አልተቋረጠም። የምትችሉ ከሆነ ከመጀመሪያው ለማትሮጡበት ቀን የሚሆን መንገድ አስቡ።

መንገዱ ምን ሆነ? ግሬደር መጣ። ከላይ፣ ከአስፋልቱ በኩል ጀምሮ ግማሽ ያህሉን ፒስታ አደረገው። ወንዙ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ድልድይ ሌላ በጀት ነው ተባለ። በእኔ ሩጫ ነው የመጣው ብዬ አልምልም። ሽማግሌዎቹ ዓመታት ጽፈዋል፣ እኔ ከመምጣቴ በፊትም ጠይቀዋል። ግን ቃሬዛው አሁን ግማሹን መንገድ ብቻ ነው የሚሸከሙት፤ አምቡላንስ እስከ ወንዙ ይወርዳል። እማማ ግድግዳ ላይ ያለው ቁጥር ከ6 ወደ 3 ወርዷል። ክረምት ላይ ወንዙ ያው ነው።

በ2015 መጨረሻ ክልሉ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ አቆምኩ። ማንም አልከለከለኝም፣ ራሴ ነኝ ያቆምኩት። በንጋት ብቻዋን የምትሮጥ ሴት ጦርነት ባለበት አገር ሯጭ ተብላ አትታይም። ከዚህ ወገን የሚያያት አንድ ነገር ይላታል፣ ከዚያ ወገን የሚያያት ሌላ። ሩጫው መልእክት የሚሆነው የሚያይ ሰው ለማንበብ ፋታ ሲኖረው ነው። ፋታ በሌለበት ጊዜ እንድትሮጡ አልመክርም፤ ማንም ቢመክራችሁ እንዳትሰሙት። አሁን ሥራዬን ቀይሬ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ስለ ድልድዩ በየወሩ በ21 አንድ ገጽ ወረቀት መዝገብ ቤት አስገባለሁ፣ ቁጥር እቀበላለሁ።

የደወለልኝ ልጅ ከ130 ኪሎ ሜትሩ ወርዶ የራሱን ከተማ ቢሮ መርጧል። መልእክቱን ግን ገና ዘጠኝ ቃል ላይ ነው ያለው። ወደ አራት አውርደህ ደውልልኝ ብዬዋለሁ።